ቀትር በስንት ሰዓት ነው?

አዘጋጆቹ ስለ ፀሐይ ሰዓትና ስለ ሰማይ እንድናገር ሲጋብዙኝ የሰጡኝ ርእስ ሰፊ ነበር፤ ከባቢሎን እስከ ሳተላይት ያለውን ሁሉ ልዘርዝር ብል ሌሊቱም አይበቃን። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። «ስንት ሰዓት ነው?» እና «የት ነው ያለሁት?» የሚሉት ጥያቄዎች ለእኛ ሁለት ናቸው፤ አንዱን ለሰዓት፣ ሌላውን ለካርታ ትተናል። ሰማይን ለሚጠይቅ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ናቸው፤ አንዱን ሳያውቁ ሌላውን መመለስ አይቻልም። ይህን ለማሳየት መጀመሪያ እጃችን ላይ ያለውን ሰዓት እንመረምራለን፤ ቀጥሎ ወደ አክሱም ሐውልት ጥላ እንሄዳለን፤ ከዚያ አባቶቻችን ዘጠኝ ሰዓትን በምን ይለዩ እንደነበር እናያለን። ስለ ሌሊቱ ሰማይና ስለ ኬንትሮስም ጥቂት እላለሁ።

ከሰዓታችን ልጀምር። ነገ እዚህ አዲስ አበባ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ፀሐይ ከምሥራቅ ያለውን ጉዞዋን ጨርሳ በሰማዩ አጋማሽ ላይ ናት ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። አይደለችም። በአማካይ ገና 25 ደቂቃ ይቀራታል። ምክንያቱን ለማስላት ከማካፈልና ከማባዛት ያለፈ አያስፈልግም። አገራችን የምትከተለው ሰዓት ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ሦስት ሰዓት ማለት 45 ዲግሪ ምሥራቅ ማለት ነው። ያ መስመር የሚያልፈው በሶማሌ ክልል፣ ከዋርዴር ከተማ ብዙም ሳይርቅ ነው። አዲስ አበባ ያለችው ግን 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ገደማ ላይ ነው፤ ከመስመሩ በስድስት ዲግሪ ከሩብ ወደ ምዕራብ ትርቃለች። ፀሐይ እያንዳንዱን ዲግሪ ለማለፍ አራት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ 25 ደቂቃው ከዚህ ይመጣል። እጃችን ላይ ያለው ሰዓት፣ ደፍሬ ልበለውና፣ የአዲስ አበባ ሳይሆን የዋርዴር ሰዓት ነው።

ጅጅጋ ላይ ቀትር በአማካይ ስድስት ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ላይ ይሆናል፤ ጋምቤላ ላይ ስድስት ሰዓት ከ42 ገደማ። በአንድ ሬዲዮ ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉ ሁለት ሰዎች በፀሐይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይለያያሉ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ከምዕራብ ጫፍ እስከ ምሥራቅ ጫፍ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ድረስ ስለምትዘረጋ ፀሐይ አገሪቱን ለማቋረጥ አንድ ሙሉ ሰዓት ይወስድባታል። ሁላችንም በአንድ ሰዓት መተዳደራችን ለባቡርና ለስብሰባ የሚበጅ ስምምነት ነው፤ ሰማዩ ግን ስምምነቱን አልፈረመም።

ደግሞ ቀትር በአንድ ከተማ እንኳ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት አይውልም። አዲስ አበባ ውስጥ በጥቅምት 24 ገደማ ቀትር የሚሆነው ስድስት ሰዓት ከዘጠኝ ላይ ነው፤ በየካቲት 4 ገደማ ደግሞ ወደ ስድስት ሰዓት ከ39 ይሸሻል። የግማሽ ሰዓት መወዛወዝ ነው። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ፍጹም ክብ ስላልሆነ አንዳንዴ ትፈጥናለች፣ አንዳንዴ ታዘግማለች፤ ያዘነበለው ዛቢያዋም የራሱን ይጨምራል። ሁለቱ ተደምረው የፀሐይን ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት አንዴ ያስቀድሙታል፣ አንዴ ያዘገዩታል። ስለዚህ የፀሐይ ሰዓት ሠርቶ ከስልኩ ጋር ሲያስተያየው ያልገጠመለት ተማሪ ቶሎ ተስፋ አይቁረጥ፤ ፀሐይዋም ስልኩም ልክ ናቸው፤ የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ነው።

እስካሁን ስለ ምሥራቅና ምዕራብ ነበር። አሁን ወደ ሰሜንና ደቡብ እንዙር፤ ለዚህም ከአክሱም ሐውልት የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ሁላችሁም ታሪኩን ታውቁታላችሁ። 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልት በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ወደ ሮም ተወሰደ። ከስድሳ ዓመታት በላይ እዚያ ቆሞ፣ በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ በቀድሞ ስፍራው ተተከለ። ስለ ዘረፋውና ስለ መመለሱ ብዙ ተጽፏል። እኔ የማነሣው ማንም ልብ ያላለውን ጥላውን ነው። ድንጋዩ ያው ድንጋይ፣ ቁመቱም ያው ቁመት፤ ጥላው ግን በሁለቱ ከተሞች አንድ አልነበረም።

ሮም 42 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ላይ ናት። እዚያ ፀሐይ በቀትር ሁልጊዜ ወደ ደቡብ ጋደል ብላ ስለምትታይ የሐውልቱ የቀትር ጥላ በየዕለቱ ወደ ሰሜን ይወድቅ ነበር። በታኅሣሥ ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥላው እስከ 52 ሜትር ይረዝማል፤ ከራሱ ከሐውልቱ እጥፍ በላይ ማለት ነው። በሰኔ ፀሐይ ከፍ ስትል እንኳ ስምንት ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይቀራል። አክሱም ግን 14 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ላይ ናት፤ በሁለቱ የፀሐይ መመለሻዎች መካከል። በታኅሣሥ ጥላው 18 ሜትር ተኩል ያህል ወደ ሰሜን ይሄዳል። ቀኑ ወደ ፋሲካ ሲቃረብ እያጠረ ይመጣና በሚያዝያ 20 ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ በሐውልቱ አናት ትክክል ስለምትቆም ጥላ የሚባል ነገር ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ጥላው ዞሮ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በሰኔ አጋማሽ አራት ሜትር ያህል ይደርስና ተመልሶ እያጠረ፣ በነሐሴ 8 ገደማ እንደገና ይጠፋል። ሮም ውስጥ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆሞ የቀትር ጥላውን አንድም ቀን ወደ ደቡብ ያልጣለ ሐውልት፣ አገሩ ሲገባ በየዓመቱ ለሦስት ወር ተኩል ገደማ ወደ ደቡብ ይጥላል።

ዓይኑን ሸፍነው የወሰዱት ሰው ሐውልቱ ሥር ቢያስቀምጡትና የቀኑን ቁጥር ቢነግሩት፣ የቀትሩን ጥላ በሜትር ለክቶ ሮም ይሁን አክሱም ብቻ ሳይሆን ከምድር ወገብ ስንት ዲግሪ እንደሚርቅ ይነግራችኋል። ኬክሮስ ማለት ይኸው ነው። መጽሐፍ ላይ ያለ ቁጥር ከመሆኑ በፊት ምድር ላይ የተኛ ጥላ ነበር። በትምህርት ቤቶቻችን ኬክሮስን እንደ ስልክ ቁጥር በቃል ማስያዛችን ያሳዝነኛል፤ በአንድ ግቢና በአንድ እንጨት ሊታይ የሚችል ነገር ነው። አዲስ አበባ ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ጥላ አልባዎቹ ቀኖች ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 ገደማ ናቸው፤ አንድ ሜትር እንጨት በታኅሣሥ ቀትር 64 ሴንቲ ሜትር ወደ ሰሜን፣ በሰኔ ቀትር 26 ሴንቲ ሜትር ወደ ደቡብ ይጥላል። ነሐሴ ላይ ደመናው አያሳይ ይሆናል፤ ሚያዝያን ግን አታሳልፉት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ የሮም ታሪክ አለ። ሽማግሌው ፕሊኒ እንደጻፈው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ263 ሮማውያን ሲሲሊ ውስጥ ካታኒያን ሲይዙ ማኒዮስ ቫሌሪዮስ ሜሳላ የሚባል ሹም የከተማይቱን የፀሐይ ሰዓት ነቅሎ ወስዶ ሮም አደባባይ ላይ አቆመው። መስመሮቹ የተሰመሩት ግን ለካታኒያ ነበር፤ ካታኒያ ደግሞ ከሮም አራት ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ደቡብ ናት። ሰዓቱ ልክ አልነበረም። ሮማውያን ልክ የሆነውን እስኪያቆሙ ድረስ በዚያው ለ99 ዓመት ተዳደሩ። አንድ ትውልድ ከፍርድ ቤት ዘገየህ ተብሎ ቢቀጣ ለማን አቤት ይል እንደነበር አላውቅም።

ሮማውያንን ለመተቸት አንቸኩል። ዛሬም ከአውሮፓ የመጣ ያማረ የፀሐይ ሰዓት ገዝቶ ግቢው ውስጥ የሚተክል ሰው ያንኑ ያደርጋል። በጠፍጣፋ መሬት ላይ የሚቀመጥ የፀሐይ ሰዓት በኬክሮሱ ተሠፍሮ የሚሰፋ ልብስ ነው። ለንደን ላይ በስድስት ሰዓትና በሰባት ሰዓት መስመሮች መካከል 12 ዲግሪ ያህል ክፍተት አለ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከሁለት ዲግሪ ተኩል አይበልጥም። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ በቀትር ዙሪያ ያሉት መስመሮች ሁሉ ተጨናንቀው አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ለእኛ የሚስማማው ሌላ ዓይነት ነው፤ ዘንጉ ከመሬት ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ ቀና ብሎ ወደ ሰሜን የሚያመለክት፣ ሰሌዳው ደግሞ ከዘንጉ ጋር በቀጥታ ማዕዘን የተሰካ። በእንደዚህ ያለ ሰሌዳ ላይ የሰዓት መስመሮቹ እኩል እኩል 15 ዲግሪ ተራርቀው ይሰመራሉ። ግማሹን ዓመት ጥላው በሰሌዳው በአንድ ፊት፣ ግማሹን በሌላው ፊት ስለሚወድቅ ሁለቱንም ፊት ማስመር ያስፈልጋል። አንድ አናጺ በግማሽ ቀን ይሠራዋል።

ወደ ሦስተኛው ክፍል፣ ወደ አባቶቻችን እንምጣ። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰዓት ይፈልጋል፤ ጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾምበት ቀን አለ፣ ቅዳሴውም የራሱ ሰዓት አለው። የግድግዳ ሰዓት ባልነበረበት ዘመን ይህ የሚታወቀው በጥላ ነበር። ሰውየው ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና የጥላው ጫፍ የደረሰበትን ምልክት አድርጎ በራሱ ጫማ ይሰፍረዋል። በግእዝ ብራናዎች ውስጥ በየወሩና በየሰዓቱ የሰው ጥላ ስንት ጫማ እንደሚሆን የሚያሳዩ ሠንጠረዦች ይገኛሉ፤ ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ የሥነ ፈለክና የባሕረ ሐሳብ ስሌት ባሳተመው መጽሐፍ ከእንዲህ ያሉ ጽሑፎች ጋር በሰፊው ይገናኛል።

«ረጅም ሰው ጥላው ይረዝማል፣ አጭር ሰው ያጥራል፤ ታዲያ እንዴት ይስማማሉ?» ትሉ ይሆናል። ዘዴው ያለው በጫማው ላይ ነው። ረጅም ሰው እግሩም ይረዝማል። የሰው ቁመት በራሱ ጫማ ሲሰፈር ስድስት ተኩል ወይም ከሰባት ትንሽ ያነሰ ነው፤ ለረጅሙም ለአጭሩም ብዙም አይለያይም። ስለዚህ ዲያቆኑም መነኩሴውም በየራሳቸው እግር ሰፍረው ተቀራራቢ ቁጥር ያገኛሉ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን መለኪያ ተሸክሞ ይዞራል፤ ከዚህ ርካሽ መሣሪያ አላውቅም።

ስሌቱን ለአዲስ አበባ ሠርቼዋለሁ። በፀሐይ ሰዓት ዘጠኝ ሲሆን፣ ማለትም ከቀትር ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ድረስ ጥላ ሰባት ጫማ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ቁመትና ጥላ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። በታኅሣሥ ግን በዚያው ዘጠኝ ሰዓት ጥላው ዘጠኝ ጫማ ያልፋል። ሰባት ጫማ ብቻ የሚያውቅ ሰው በታኅሣሥ ሰባቱን የሚያገኘው ስምንት ሰዓት ገና አለፍ ሲል ነው፤ ጾሙን ከግማሽ ሰዓት በላይ አስቀድሞ ይፈታል። ሠንጠረዡ በየወሩ የተለያየበት ምክንያት ይኸው ነው። ሠንጠረዡ በሌላ አገር የተሠራ ከሆነስ? ካታኒያን አስታውሱ። ወሩን ብቻ ሳይሆን አገሩንም ማወቅ አለበት።

የሙስሊሙ ኅብረተሰብ የሶላት ሰዓት ይህን ጥያቄ የፈታበትን መንገድ በጣም አደንቃለሁ። የዙህር ሶላት ጊዜ የሚገባው ፀሐይ ከሰማይ አጋማሽ ዘንበል ስትል ነው። የዐስር ሶላት ጊዜ ደግሞ በሻፊዒ መዝሀብ የአንድ ነገር ጥላ ከነገሩ ቁመት ጋር ሲስተካከል ይገባል፤ ነገር ግን በቀትር የነበረው ጥላ ተቀንሶ። ይህ «ተቀንሶ» የሚለው ሐረግ የሊቅ ሥራ ነው። ካይሮ ላይ በታኅሣሥ የቀትሩ ጥላ ራሱ ከቁመት አንድ ጊዜ ከሲሶ ስለሚበልጥ ጥላና ቁመት እኩል የሚሆኑበት ቅጽበት በዚያ ቀን ከቶ አይገኝም፤ ደንቡ የቀትሩን ጥላ ባይቀንስ ኖሮ ሶላቱ ጊዜ አልባ ይሆን ነበር። ሲቀነስ ግን ደንቡ ራሱ አገሩን ያውቃል። አዲስ አበባ ላይ ብታሰሉት የዐስር መግቢያ በፀሐይ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከዘጠኝ ተነሥቶ ዘጠኝ ተኩል ሳይሞላ ይወድቃል። ሐረርም፣ ደሴም፣ ካርቱምም ቢሄዱ ሠንጠረዥ መቀየር አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ከተማ የቀትር ጥላውን ራሱ ያቀርባል። የሰዓትና የስፍራ ጥያቄ አንድ ነው ስላችሁ ይህን ያህል በአጭሩ የተናገረ ደንብ አላገኘሁም።

ሌላም ልጨምር። የመካ ከተማ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው። በየዓመቱ በግንቦት 20 ገደማ ስድስት ሰዓት ከ18፣ በሐምሌ 9 ገደማ ደግሞ ስድስት ሰዓት ከ27 ላይ ፀሐይ በትክክል ከካዕባ አናት በላይ ትሆናለች። በዚያ ቅጽበት በየትም አገር ቆሞ ፀሐይን የሚያይ ሰው ፊቱ ወደ ቂብላ ነው። ኮምፓስ አያስፈልግም፤ ሰዓቱን ማወቅ አቅጣጫውን ሰጠ።

መጽሐፈ ሄኖክንም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው። ስለ ብርሃናት በሚናገረው ክፍሉ ፀሐይ በስድስት መስኮቶች ትወጣለች፣ በስድስት ትገባለች፤ ቀንና ሌሊት በ18 ክፍል ይከፈላሉ፤ ረጅሙ ቀን 12 ክፍል፣ ሌሊቱ 6 ይሆናል። እጥፍ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ግን በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ይህ የሁለት ለአንድ ስሌት በባቢሎን የሸክላ ጽሑፎችም ይገኛል፤ የሰሜን ሰማይ ስሌት ነው። መጽሐፉ ሊያስተምር የተነሣው የፍጥረትን ሥርዓትና የሠራዊተ ሰማይን ታዛዥነት ነው፤ ለጣና ገዳማት የሰዓት ሰሌዳ ልሁን አላለም። ቤተ ክርስቲያኒቱም ዓመቷን የምትቆጥረው በሄኖክ 364 ቀን ሳይሆን በባሕረ ሐሳብ 365 ቀን ከሩብ ነው። ሊቃውንቱ የትኛው ለምን እንደሚያገለግል ያውቁ ነበር።

ስለ ሌሊት በአጭሩ። በሌሊት የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያለው ከፍታ ከቆምንበት ኬክሮስ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ዘጠኝ ዲግሪ ነው፤ ክንዱን ዘርግቶ ቡጢውን ለጨበጠ ሰው የቡጢው ስፋት ወደ አሥር ዲግሪ ነውና ኮከቡ አንድ ቡጢ እንኳ አይሞላም። ከእንጦጦ ግርጌ ለቆመ ሰው ተራራው ይጋርደዋል። የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ዐረብ መርከበኞች ይህን በካማል ይለኩ ነበር፤ ትንሽ የእንጨት ገበታ ከመሐሏ ገመድ የወጣላት፣ በገመዱ ላይ ለየወደቡ ቋጠሮ የታሰረባት። ገመዱን በጥርሱ ይዞ ኮከቡ ከገበታዋ ላይኛ ጠርዝ፣ አድማሱ ከታችኛው ጠርዝ ሲገጥም ቋጠሮው የወደቡን ኬክሮስ ይነግረዋል። በሌላ በኩል አያንቱ የሚባሉት የቦረና ቀን ቆጣሪዎች ጨረቃ ከተወሰኑ ኮከቦችና የኮከብ ስብስቦች ጋር የምትወጣበትን ቀን እየተከታተሉ ወራቸውን ይቆጥራሉ፤ አስመሮም ለገሠ ስለ ገዳ ሥርዓት በጻፈው መጽሐፍ ይህን ለዓለም አስተዋውቋል። ከዋክብት በየሌሊቱ አራት ደቂቃ ያህል ቀድመው ስለሚወጡ በወር ሁለት ሰዓት ይቀድማሉ፤ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ከአድማስ የወጣ ኮከብ ከወር በኋላ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል። ኮከብ የሚያውቅ እረኛ ሌሊቱን ከፍሎ ተራ ለመግባት ሰዓት አያሻውም።

አሁን የቀረን ኬንትሮስ ነው፤ ይህ ነው ሰውን ለብዙ ዘመን ያስጨነቀው። ሰሜንና ደቡብን ጥላው ይነግራል። ምሥራቅና ምዕራብን ግን ጥላ ብቻውን ሊነግር አይችልም፤ ምድር ስለምትዞር ጋምቤላ ያየችው ሰማይ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጅጅጋ ያየችው ሰማይ ነው። ልዩነቱን የሚናገረው ሰዓት ብቻ ነው፤ እዚህ ቀትር በሆነበት ቅጽበት እዚያ ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1714 ይህን በባሕር ላይ ለሚፈታ ሰው እስከ 20 ሺህ ፓውንድ ሽልማት በሕግ አወጀች። ጆን ሃሪሰን የተባለ አናጺ የሠራው ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1761 እና 1762 ወደ ጃማይካ ተጉዞ ከሁለት ወር በላይ በባሕር ቆይቶ የዘገየው በአምስት ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር።

ከባሕር ርቀን ያለነው እኛ ጋ የመጡ መንገደኞች ሌላ ዘዴ ነበራቸው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ የከፍታ መለኪያና የርቀት መነጽር ይዞ ነበር፤ ኬክሮሱን ከፀሐይና ከከዋክብት ይለካል፣ ለኬንትሮስ ደግሞ የጁፒተር ጨረቃዎች በፕላኔቷ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ይጠብቃል። ግርዶሹ ለሁሉም ተመልካች በአንድ ቅጽበት ስለሚሆን ጁፒተር በሰማይ ላይ የተሰቀለች የጋራ ሰዓት ናት። ብሩስ ወደ አውሮፓ ሲመለስ ይዞት ከሄደው ውስጥ የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎችም አሉ። ከሱ በኋላ የመጣው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. ከ1838 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ከተራራ ወደ ተራራ ማዕዘን እየለካ ዞረ፤ የልኬቱን ውጤት እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 በታተመ ሥራው አወጣው። የሰሜን ኢትዮጵያ ካርታ የቆመው በዚህ ልፋት ላይ ነው።

ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክም ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም። ሳተላይቶቹ እጅግ ትክክለኛ ሰዓት ተሸክመው ሰዓታቸውን ያለማቋረጥ ይናገራሉ፤ ስልኩ የእያንዳንዱ ድምፅ ስንት እንደዘገየ አስልቶ ስፍራውን ያወጣል። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት ሦስት መቶ ሜትር ያሳስታል። ካርታው ላይ ያለችው ሰማያዊ ነጥብ ከሰዓት ስሌት የወጣች ናት።

ከመሰናበቴ በፊት ለመምህራን አንድ ልመና አለኝ። አዲስ አበባና አክሱም በአንድ ኬንትሮስ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ በምሥራቅና በምዕራብ የሚለያዩት ከአዲስ አበባ ስፋት ባነሰ ርቀት ነው። ስለዚህ ቀትራቸው አንድ ነው። የጥንቱ ሊቅ ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ ለመለካት በአስዋንና በእስክንድርያ መካከል ያደረገውን ለማድረግ የተመቹ ሁለት ከተሞች አሉን። በመጋቢት 11 ገደማ፣ ቀንና ሌሊት በሚስተካከሉበት ዕለት፣ የሁለቱ ከተሞች ተማሪዎች በውሃ ልክ በተስተካከለ መሬት ላይ ሁለት ሜትር እንጨት በቱምቢ አቅንተው ያቁሙ። ከስድስት ሰዓት ከሩብ ጀምረው በየሁለት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ ምልክት ያድርጉ፤ አጭሩ ጥላ ስድስት ሰዓት ከ33 ገደማ ላይ ይገኛል። አዲስ አበባ ላይ 32 ሴንቲ ሜትር፣ አክሱም ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚያ የሁለቱን ማዕዘን ልዩነት አስሉ፤ አምስት ዲግሪ ያህል ይወጣል። በከተሞቹ መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት 563 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ360 አባዝታችሁ ለልዩነቱ ስታካፍሉት የምድር ዙሪያ ወደ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ተጠግቶ ይመጣል። በመስከረምም ይቻላል፣ ግን ደመናው ያስቸግራል። የአንድ ሴንቲ ሜትር ስህተት መልሱን ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚያዛባ ጫፉን በጥንቃቄ ለኩ፤ የለካችሁትንም ለሌላው ከተማ ተማሪዎች በዚያው ቀን ደውላችሁ ንገሯቸው።